የንባብ ክፍሉ ራውተር ጉዳይ፦ ለጉባኤው የሚቀርበውን ሐሳብ እዚሁ እንጨርሰው

ፀሐፊ፦ ሰላም ጎረቤቶች። እንደምታውቁት የንባብ ክፍሉና የቢሯችን ኢንተርኔት ማታ ማታ ልጆቹ ሲበዙ ይቆማል፣ ጥበቃው ሶኬቱን ነቅሎ ሲሰካው ይመለሳል፣ በነጋታው ያው ነው። አዲስ ይገዛ የሚል አለ፣ ከቢሮ የወጣውን አሮጌ ዴስክቶፕ ፋየርዎል (የኔትወርክ ዘበኛ) እናርገው የሚልም አለ። ጉባኤው የሚፈልገው አንድ ገጽ ነው፣ ስለዚህ እዚህ ተነጋግረን በአንድ ቃል እንውጣ።

ብሎክ 3፦ ይገዛ በቃ! ስለ አንዲት ዕቃ ስንት ወር እናውራ

ቴክኒክ ኮሚቴ፦ ቆይ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ምን እንደነካት እንወቅ። የሚቆመው መስመሩ አይደለም። ትናንት ማታ ሲቆም እዛው ነበርኩ፣ የልጆቹ ቴሌግራም ይሰራል፣ ብሮውዘር ግን አንድም ገጽ አይከፍትም፣ 8.8.8.8 የሚባለውን የውጭ አድራሻ ፒንግ ሳረገው (አለህ ወይ ብዬ ስጠይቀው) ይመልሳል። መስመሩ አለ ማለት ነው፣ የሞተው ዲኤንኤሱ ነው፣ የሳይቱን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው። ቴሌግራም የሰርቨሮቹን አድራሻ ራሱ ይዞ ስለሚዞር ያለ ዲኤንኤስም ይሄዳል፣ ሰዉ "ግማሽ ኔትወርክ" የሚለው ለዛ ነው። ሶኬቱ ሳይነቀል ሎጉን (የራውተሯን መዝገብ) ከፈትኩት፣ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ሜሞሪ ሲያልቅበት ዲኤንኤሱን የሚያሰራውን ፕሮግራም፣ ዲኤንኤስማስክን ገድሎታል። ሲስተሙ ጥቂት ጊዜ መልሶ ያስነሳውና ከዛ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል፣ ያኔ ነው ስልኬ የሚጮኸው።

ገንዘብ ያዥ፦ ልጄ እኛ በሚገባን ንገረን እንጂ

ቴክኒክ ኮሚቴ፦ እሺ እትዬ። የርስዎ ስልክ 4 ጊጋ ራም (ሲጠፋ የሚረሳ የሥራ ሜሞሪ) አለው፣ ራውተሯ ያላት 64 ሜጋ ነው፣ የስልክዎ አንድ 64ኛ መሆኑ ነው። በዛች ላይ ዋይፋዩም ፋየርዎሉም አለ፣ ከዛ ደግሞ የማስታወቂያና የመጥፎ ሳይት ማገጃ ተጭኖባታል፣ ዝርዝሩ ከመቶ ሺ በላይ ስም ነው፣ ሁሉም ራም ውስጥ ይቀመጣል። ማን ጫነው የሚለውን አሁን እንተወው። ሌላው ሎጉም ያለው ራም ላይ ስለሆነ ሶኬቱ ሲነቀል ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል፣ ለዚህ ነው እስካሁን ምክንያቱ ያልታወቀው።

ብሎክ 3፦ እሺ ዴስክቶፑስ? 512 ሜጋ አለው እኮ፣ ስምንት እጥፍ። ፒኤፍሴንስ የሚባለውን የፋየርዎል ሶፍትዌር እንጫንበት

ቴክኒክ ኮሚቴ፦ ማሽኑ 32 ቢት (የድሮ ፕሮሰሰር ዓይነት) ነው፣ ፒኤፍሴንስ ደግሞ ከ2.4 ጀምሮ (እ.ኤ.አ. 2017) 32 ቢት አይቀበልም። ኦፒኤንሴንስ የሚባለው ሌላው ቢያንስ 2 ጊጋ ራም ይላል። ሞኖዎል የሚባል የፋየርዎል ሶፍትዌር ነበር በ64 ሜጋ የሚሄደው፣ እሱ እ.ኤ.አ. 2015 ላይ ፕሮጀክቱ ቆመ፣ ማሻሻያ የማይመጣለት ፋየርዎል ማለት ደግሞ በር ከፍቶ መተኛት ነው። አሁን ራውተሯ ላይ ያለው ሲስተም፣ ኦፕንደብሊውአርቲ፣ ዴስክቶፑም ላይ ይጫናል፣ በቴክኒክ በኩል ይቻላል።

ገንዘብ ያዥ፦ መብራቱን ማን ይከፍላል? ዝቅ አርገን 70 ዋት ብንለው እንኳን ቀንና ሌሊት ሲበራ በወር 50 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ትንሿ ራውተር 10 ዋትም አትሞላ። መብራት ሲሄድስ? ትንሿን በሚኒ ዩፒኤስ (በትንሽ መጠባበቂያ ባትሪ) እናቆያታለን፣ ዴስክቶፑን በምን? እኔ አልፈርምበትም።

ብሎክ 3፦ እሺ ዴስክቶፑ ወደቀ ሃሃ

ብሎክ 11፦ እኔ ኮንትራክን (ራውተሩ ክፍት ኮኔክሽኖችን የሚመዘግብበትን ቴብል) ወደ 65536 ከፍ አርጉት የሚል አንብቤአለሁ፣ ኮኔክሽን ሲበዛ ይጨናነቃል ይላል

ቴክኒክ ኮሚቴ፦ እሱ ምክር ራም ለተረፈው ነው። አንዷ ኮኔክሽን በግምት 300 ባይት ትይዛለች፣ 65 ሺው ቢሞላ ወደ 20 ሜጋ ይሄዳል፣ ከ64 ላይ! ቴብሉ ቢሞላ ኖሮ ሎጉ ላይ "ቴብል ፉል" ይል ነበር፣ እንደዛ የሚል የለም፣ አንነካውም። ዜድራም ግን እንጨምር፣ ራሙን እያመቀ ትንሽ ትንፋሽ ይሰጣል፣ ፕሮሰሰሯ ደካማ ስለሆነች ተአምር አትጠብቁ። ደግሞ ፓኬጅ ለመጫን ኦፒኬጂ አፕዴት የሚለውን ትዕዛዝ ስትሰጡ የሚወርደው ዝርዝር የሚቀመጠው ራም ላይ ነው፣ ስትጨርሱ አጥፉት።

የንባብ ክፍል ኃላፊ፦ ይቅርታ፣ ማገጃው ይነሳ ከሆነ ሐሳቡ እኔ አልስማማም። እዛ የሚቀመጡት የ10 ዓመት ልጆች ናቸው፣ ወላጆች አምነውኝ ነው የሚልኩት።

ቴክኒክ ኮሚቴ፦ እህቴ ልክ ነሽ፣ ማጣራቱ አይቀርም፣ ቦታው ነው የሚቀየረው። ዲኤንኤሱን ክላውድፍሌር ከሚባለው ድርጅት ሰርቨር፣ ወደ 1.1.1.3 እናዞረዋለን፣ ቫይረስና የአዋቂ ሳይት እዛው ሰርቨሩ ላይ ይከለክላል፣ ለኛ ራም ዜሮ ወጪ። ልጆቹ ስልካቸው ላይ ሌላ ዲኤንኤስ ቢሞሉም ፋየርዎሉ የፖርት 53ን (ተራ ዲኤንኤስ የሚያልፍበትን በር) ጥያቄ ሁሉ ወደ ራሱ እንዲመልስ አንድ ሩል እንጨምራለን።

የንባብ ክፍል ኃላፊ፦ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል?

ቴክኒክ ኮሚቴ፦ አይዘጋም። ብሮውዘሩ በኤችቲቲፒኤስ (እንደ ድረ ገጽ ተመስጥሮ) ዲኤንኤስ ከጠየቀ ያልፋል። ማስታወቂያም አይከለክልም፣ እሱን እናጣለን።

የንባብ ክፍል ኃላፊ፦ እንግዲያው ይሄ ሐሳቡ ላይ ይጻፍ፣ ወላጅ በኋላ ተዘግቷል ብላችሁ ነበር እንዳይለኝ። የክፍሉን ኮምፒውተሮች ብሮውዘር ሴቲንግ ደግሞ እናንተ ቆልፉልኝ።

ብሎክ 3፦ የኔ መግዛትስ እንደዚሁ ቀረ?

ቴክኒክ ኮሚቴ፦ አልቀረም፣ እንደውም ልክ ነህ፣ ጊዜው ላይ ብቻ ነው የምንለያየው። ኦፕንደብሊውአርቲዎች ራሳቸው 8 ሜጋ ፍላሽ (ቋሚ ማስቀመጫ) እና 64 ሜጋ ራም ያለው ዕቃ አትግዙ ነው የሚሉት፣ ቢያንስ 16 እና 128። ዛሬ ገዝተን ያንኑ ዝርዝር ብንጭንበት ግን ብሩ ይወጣል እንጂ ራሙን ምን እንደሚበላው ሳናውቅ እንቀራለን።

ፀሐፊ፦ እንዲህ ልጻፈው? "የቴክኒክ ኮሚቴው ማገጃውን ከራውተሩ ያነሳል፣ ማጣሪያውን ወደ ውጭ ዲኤንኤስ ያዞራል (ማጣሪያው ሁሉንም እንደማይዘጋ ለወላጆች ይነገራል)፣ ዜድራም ይጭናል፣ ሎጉ ወደ ቢሮው ኮምፒውተር እንዲላክ ያደርጋል። በአንድ ወር ውስጥ ሜሞሪ አለቀ የሚል መልዕክት ሎጉ ላይ ከታየ ጉባኤ ሳይጠራ ቢያንስ 128 ሜጋ ራም ያለው ራውተር ይገዛል።"

ገንዘብ ያዥ፦ ከሦስት ሱቅ ዋጋ ተጠይቆ የሚለውን ጨምር። የሚኒ ዩፒኤሱም አሁኑኑ ይግባ።

ብሎክ 11፦ ፓስወርዱስ? አሁን ማን ጋ እንዳለ እንኳን አይታወቅም

ቴክኒክ ኮሚቴ፦ ይቀየርና ታሽጎ በፖስታ ፀሐፊው ጋ ይቀመጥ፣ የኮንፊግ (የራውተሩ ሴቲንግ) ባክአፑም አብሮ። ጥበቃውንም ንገሩልኝ፣ ሶኬቱን ከመንቀሉ በፊት ይደውልልኝ።

ብሎክ 3፦ በዚህ ከሆነ ተስማምቻለሁ

ፀሐፊ፦ ሦስቱንም ጨምሬአለሁ። ተቃውሞ ያለው እስከ ሐሙስ ማታ ይጻፍ፣ አርብ አትሜ በየብሎኩ እለጥፋለሁ።