የፍቅረኞች ቀን ደሴ ላይ ይከበር ወይስ ይቅር?

አስተማሪዋ፣ ከሆጤ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የከተማችን ወጣቶች የካቲት 7 ማታ አዳራሽ ይዘው የፍቅረኞችን ቀን ሊያከብሩ አስበዋል። ቀይ ልብስ፣ ሙዚቃ፣ ስጦታ። ወሬው ከተሰማ ወዲህ ግሩፑ ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ «የፈረንጅ ነው፣ ይቅር» ይላል። ግማሹ «ለመዋደድ ደግሞ ማን ያስፈቅዳል?» ይላል። በጨዋ ደንብ እንከራከርበት።

እኔ ይከበር ባይ ነኝ። እንዳለ መቅዳቱን ግን አልወደውም። ሌላውም አገር እንዳለ አልቀዳውም። ጃፓን ውስጥ በዚያ ቀን ቸኮሌት የምትሰጠው ሴቷ ናት። ወንዱ ከወር በኋላ፣ ማርች 14፣ መልሱን ይዞ ይመጣል። ኮሪያ ደግሞ ሌላ ቀን ጨምራበታለች፤ ኤፕሪል 14 ስጦታ ያልደረሳቸው ላጤዎች ተሰብስበው በጥቁር ሶስ የተለወሰ ኑድልስ ይበላሉ። ቻይና የራሷ የቆየ ቀን አላት፤ በጨረቃ አቆጣጠር የሰባተኛው ወር ሰባተኛ ቀን። በተረታቸው ከብት ጠባቂው ልጅና ሸማኔዋ በሰማይ ወንዝ ተለያይተው ይኖራሉ። በዓመት አንድ ቀን ወፎች ተደርድረው ድልድይ ይሆኑላቸውና ይገናኛሉ። ታዲያ አምባሰልና ባቲ ለዘፈን ቅኝት ስም የሆኑበት አገር ልጆች ፍቅርን በራሳችን መንገድ ማክበር ያቅተናል?

የፋብሪካ ሠራተኛው፣ ከኮምቦልቻ፦
እታለም፣ ያነሳሽው ሁሉ ደስ ይላል። ነጋዴውን ግን ዘለልሽው። ብራዚልን ተመልከቺ። የፍቅረኞችን ቀን የሚያከብሩት ጁን 12 ነው። በፈረንጆቹ 1940ዎቹ መጨረሻ ላይ ጆአዎ ዶሪያ የሚባል የማስታወቂያ ሰው፣ ገበያ በሚቀዘቅዝበት ወር ዕቃ እንዲሸጥ ብሎ ያመጣው ነው። በማግስቱ ትዳር ያገናኛል የሚሉት የቅዱስ አንቶንዮስ በዓል ስለሚውል ሰዉ በቀላሉ ተቀበለው።

አምና እዚህ ያየሁትን ልንገራችሁ። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ደመወዝ ሳይደርስ ተበድሮ ስጦታ ገዛ። ቀይ የፕላስቲክ አበባ ነው፤ በሚንኮሻኮሽ ላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ቅጠሉ ላይ ሙጫ ደርቆበታል። ኢትዮጵያ እኮ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛዋ አበባ ላኪ ናት! የሆለታና የዝዋይ ጽጌረዳ ለዚያ ቀን እንዲደርስ በአውሮፕላን ተጭኖ አውሮፓ ይገባል። ለእኛው ልጅ ፕላስቲኩ ደረሰው። ልጅቷ «ምን ገዛህልኝ?» ባትለው እንኳ ጓደኞቿ «ምን ገዛልሽ?» ይሏታል። የምቃወመው ይሄንን ነው፤ መዋደድን አይደለም።

ባለሱቁ፣ ከሸዋ በር፦
አሰላሙ አለይኩም። እኔ ባጭሩ ነው። ሚስቴን እወዳታለሁ፤ ይሄንንም ቤቴ ገብቼ እነግራታለሁ። ያልተጋቡ ልጆች በማታ አዳራሽ መሰባሰባቸው ግን ለእኔ ከሐያእ፣ ከጨዋነት፣ መውጣት ነው። ቢሆንም በሕግ ይከልከል አልልም። በፈረንጆቹ 2017 ፓኪስታን ውስጥ የኢስላማባድ ፍርድ ቤት በአደባባይ እንዳይከበር አግዶ ነበር። ክልከላ ልጁን ከአባቱ ይደብቀዋል እንጂ አያስተወውም።

ጡረተኛው መምህር፣ ከፒያሳ፦
ልጆቼ፣ በአደባባይ መተያየት ከፈረንጅ መጣ የምትሉትን አልቀበልም። በእኛ ጊዜ ጥምቀት ነበረ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ኮበሌው ሎሚውን በኪሱ ይዞ ይውላል። ልቡ የከጀላት ዘንድ ሲደርስ ወደ ደረቷ ይወረውራል። ልጅቷ ሎሚውን ካነሳችው ነገር አለ። ትታው ካለፈችም በቃ፣ ይገባዋል። ወጪው አንድ ሎሚ ነው። ያውም እናቷና አክስቷ አጠገቧ ቆመው! የካቲትን ተዉትና ጥርን ያዙ።

ባለሱቁ፣ ከሸዋ በር፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ። ታቦቱ ሲወጣ እኛም ከደጃችን ቆመን ጎረቤቶቻችንን እንኳን አደረሳችሁ እንላለን። በዓሉ ግን የእነሱ ነው። የደሴ ልጆች ሁሉ ቀን ይሁን ካላችሁ፣ በጥምቀት ስታደርጉት የከተማውን እኩሌታ እንግዳ ታደርጉታላችሁ።

አስተማሪዋ፣ ከሆጤ፦
እንግዲያው የሁላችንም የሆነ ወቅት እንፈልግ። ስፔን ውስጥ ካታሎኒያ የሚባል ግዛት አለ። ኤፕሪል 23 ቀን ሰዉ ጽጌረዳና መጽሐፍ ይሰጣጣል። ቀኑ የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ መጽሐፉን ግን ሁሉም ይገዛል፣ ሁሉም ያነባል። ወሎ ደግሞ ስንኝ አይቸግረውም። መስከረም ላይ አደይ ሜዳውን ሲያለብሰው፣ የወደደ ሁለት መስመር ገጥሞና አንድ እፍኝ አደይ ቀጥፎ ይምጣ። መበደር የለ፣ ላስቲክ የለ። ከሰዓት በኋላ፣ ሜዳ ላይ፣ ወላጅም ባለበት።

የፋብሪካ ሠራተኛው፣ ከኮምቦልቻ፦
መግጠም የማይችልስ? ግጥሙንም ነገ አንዱ ጽፎ ይሸጥለታል። ነጋዴ የማይገባበት ቀዳዳ የለም። ከየካቲቱ ግን በስንት ጣዕሙ።

ከአዘጋጆቹ አንዷ፣ ከቧንቧ ውሃ፦
ሁላችሁም ስለ እኛ አወራችሁ፣ እኛን ግን አልጠየቃችሁም። በ2014 በጦርነቱ ጊዜ ከዚህ ከተማ በእግራችን ሸሽተን ወጥተናል። ስንመለስ ብዙ ነገር እንደነበረ አልጠበቀንም። ከዚያ ወዲህ በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው በብዛት የሚገናኘው ለቅሶ ቤት ነው። ቀዩ ልብስ የማንም ይሁን፣ አንድ ማታ ተሰብስበን መሳቅ ፈለግን። የመስከረሙ ሐሳብ ጥሩ ነው፣ እሱንም እናዘጋጃለን። የካቲትን ግን አንሰርዝም። ስጦታ መግዛት ግዴታ እንዳይሆን ለልጆቹ አስቀድመን እንናገራለን።

ባለሱቁ፣ ከሸዋ በር፦
እህቴ፣ የለቅሶውን ነገር ያነሳሽው ልቤን ነክቶታል። ማታ መሆኑን ግን አሁንም አልደግፍም። ሰዓቱን ወደ ቀን አምጡት። ያገቡትንም ጥሩ። ያኔ እኔም ሚስቴን ይዤ እመጣለሁ።

ከአዘጋጆቹ አንዷ፣ ከቧንቧ ውሃ፦
አዳራሹ ቀብድ የተከፈለበት ለማታ ነው። ነገ ሄጄ ለዘጠኝ ሰዓት ይቀየር እንደሆነ ባለቤቱን እጠይቃለሁ።