በ58 ተማሪ ክፍል ሲሙሌሽን ተጠቅሞ ፔንዱለምን በጥያቄና በምርመራ ማስተማር

ፊዚክስ_መምህር፦
ሰላም መምህራን። ፔንዱለምን (በክር ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ክብደት) ስናስተምር ቀመሩን (T = 2π√(L/g)፤ T የአንድ ውዝዋዜ ጊዜ፣ L ርዝመት፣ g ስበት) ሰሌዳ ላይ ከመጻፍ ይልቅ ተማሪዎቹ ራሳቸው ጠይቀውና ለክተው እንዲደርሱበት እፈልጋለሁ። ተማሪዎቹ 58 ናቸው፤ የሚሠሩ ኮምፒውተሮች 14፤ ኢንተርኔቱ አብዛኛውን ጊዜ የለም፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ፌት (PhET) የሚባለው ሲሙሌሽን (በኮምፒውተር የሚሠራ አስመሳይ ሙከራ) ያለ ኢንተርኔት ይሠራል? ተማሪው ዝም ብሎ እየጎተተ እንዳይጫወትበትስ ምን ይደረግ? ቀመሩን ከስልኩ ፈልጎ ቢያመጣውስ?

ላብ_ቴክኒሻን፦
የመጀመሪያውን ልመልስ፤ ይሠራል። ፌት ካርል ዋይማን በ2002 እ.ኤ.አ. በኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ነፃ ስብስብ ነው። ኢንተርኔት ባለበት ቦታ «ፔንዱለም ላብ» የሚለውን ፈልገው የማውረጃ ምልክቱን ይጫኑ። የሚወርደው ጥቂት ሜጋባይት የሆነ አንድ ፋይል ብቻ ነው። በፍላሽ ዲስክ ወደ ሁሉም ኮምፒውተር ይገልብጡት፤ በክሮም ወይም በፋየርፎክስ ይከፈታል።

የሚያስቸግሩትን ልንገርዎት። ከድሮ ሃርድ ዲስክ የተቀዱት ብዙዎቹ በጃቫ ወይም በፍላሽ ፕሌየር የሚሠሩ ናቸው፤ ፍላሽ ፕሌየር ደግሞ በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ተቋርጧል። ስለዚህ ኤችቲኤምኤል5 (በክሮምና በፋየርፎክስ በቀጥታ የሚከፈት ዓይነት) የሆነውን ብቻ ይውሰዱ። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ብቻ ከሆነ አይሆንም፤ ያለ ኢንተርኔት የሚጫነውን የክሮም ፋይል አብረው ይያዙ። በአንድሮይድ ስልክ ፋይሉን ሲነኩት ሌላ አፕ ሊከፍተው ስለሚችል ክሮምን ራስዎ ይምረጡለት። ፍላሽ ዲስኩን ደግሞ አስቀድመው በአንቲቫይረስ ያስፈትሹ፤ ሾርትከት ቫይረስ ካለ ፋይሉን ይደብቀውና ክፍለ ጊዜው በፍለጋ ያልቃል።

ጣና_ሳይንስ፦
ከመሣሪያው ይልቅ ቅደም ተከተሉ ነው ከባዱ። ተማሪው ሲሙሌሽኑን ከመክፈቱ በፊት ግምቱን ከነምክንያቱ በወረቀት ካልጻፈ፣ ያየውን ሁሉ «ይህንማ አውቀው ነበር» ብሎ ያልፈዋል። የፕላዝማው ትምህርት ጊዜ ችግር ይኸው ነበር፤ ስርጭቱ ለማንም ጥያቄ አይቆምም። ሲሙሌሽን በፕሮጀክተር ከፍቶ መምህሩ ብቻ የሚነካው ከሆነ ወደዚያው እንመለሳለን።

ለ58 ተማሪ 12 ቡድን ያድርጉ፤ አሥሩ ባለ 5፣ ሁለቱ ባለ 4። ሁለት ኮምፒውተር ለመጠባበቂያ ይተርፋል። በየቡድኑ አንዱ ማውሱን ይይዛል፣ አንዱ ይለካል፣ አንዱ ይጽፋል፣ የቀሩት «ሌላ ነገር አብሮ አልተቀየረም?» እያሉ ይቆጣጠራሉ። በየአምስት ደቂቃው ሥራ ካልተቀያየሩ ማውሱ አንድ ልጅ እጅ ላይ ይቀራል።

ኮምፒውተሩ ሳይበራ ድንጋይ በክር አንጠልጥለው ያወዛውዙና «አንድ ጊዜ ሄዶ ለመመለስ የሚፈጅበትን ጊዜ ምን ይለውጠዋል?» ብለው ይጠይቁ። ብዙ መልስ ይመጣል፤ በመለካት ሊፈተኑ የሚችሉትን ሦስቱን ያስቀሩ፦ ማስ፣ ርዝመት፣ አንግል። ለእያንዳንዱ አራት ቡድን ይመድቡ። አብዛኛው ተማሪ ከባዱ ይፈጥናል ብሎ ይገምታል። አያርሙት፣ ፊትዎም አይናገር፤ ልኬቱ ራሱ ይመልስለታል።

የርዝመት ቡድኖች 0.2፣ 0.4፣ 0.6፣ 0.8 እና 1.0 ሜትር ይውሰዱ፤ ማሱ 1 ኪሎ፣ አንግሉ 10 ዲግሪ እንደሆነ ይቆይ። የማስ ቡድኖች ከ0.3 እስከ 1.5 ኪሎ፣ ርዝመቱ 1 ሜትር። የአንግል ቡድኖች በ1 ሜትር ርዝመት 10፣ 20፣ 40፣ 60 እና 90 ዲግሪ። ሁልጊዜ የሚበላሸው አንድ ቦታ ነው፦ ከፊት የነበረው ቡድን ስበቱን ጁፒተር ላይ ወይም ሰበቃውን ከፍ አድርጎ ትቶት ይሄዳል። እያንዳንዱ ቡድን ሲጀምር ከታች በቀኝ ያለውን ብርቱካናማ ክብ ቁልፍ ይጫን፤ ሁሉም ወደ መነሻው ይመለሳል።

ቀመሩን ከስልክ ያመጣ ተማሪ ካለ ደስ ይበልዎት። ቀመሩ ውስጥ አንግል የለም። የአንግል ቡድኖች ግን በ10 ዲግሪ 2.01፣ በ60 ዲግሪ 2.15፣ በ90 ዲግሪ 2.37 ሴኮንድ ገደማ ያገኛሉ። «ታዲያ ቀመርህ ይህን ለምን አያውቅም? ከስንት ዲግሪ ጀምሮ ነው ስህተቱ ከ1 ፐርሰንት የሚያልፈው?» ይበሉት። 23 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለክቶ ይድረስበት። ለፈጣኖቹ ደግሞ የስበት ዝርዝሩ ውስጥ «ፕላኔት ኤክስ» አለ፤ ስበቱ አልተጻፈም፣ ከልኬታቸው ያስሉት።

ክርና_ዳዶ፦
በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ግን በሲሙሌሽን ብቻ ማለቁ አይዋጥልኝም። ሲሙሌሽኑ እጅ የሚያመጣውን ስህተት አያሳይም፤ ሁሉም ቡድን አንድ ዓይነት ንጹሕ ቁጥር ሲያገኝ የሚከራከርበት ነገር ያጣል። ሁለተኛውን ክፍለ ጊዜ በእውነተኛ ክር ያድርጉት። የሹራብ ክር ይለጠጣል፣ አይሆንም፤ የጆንያ መስፊያ ክርና ትልቅ ዳዶ ይበቃል። አንድ ውዝዋዜ ብቻ አይለኩ፤ የስልኩን ሰዓት ቆጣሪ ሲነኩ ጣት 0.2 ሴኮንድ ያህል ሊስት ይችላል። የ10 ውዝዋዜ ጊዜ ተለክቶ ለ10 ሲካፈል ስህተቱ ወደ 0.02 ይወርዳል።

ከዚያ የጊዜውን ስኩዌር ከርዝመት ጋር በግራፍ ያስቀምጡ። ቀጥታ መስመር ይወጣል፤ ስሎፑ (የመስመሩ ተዳፋት) 4.03 ገደማ ነው፤ 39.5ን (4π²) ለስሎፑ ሲያካፍሉት የስበቱን 9.8 ያገኛሉ። መስመሩ በዜሮ ካላለፈና ከላይ ከጀመረ፣ ቡድኑ ርዝመቱን የለካው እስከ ቋጠሮው ነው እንጂ እስከ ዳዶው መሐል አይደለም። ይህን ሳይነግሯቸው «መስመሩ ለምን ዜሮን ሳተ?» ብለው ይተዉላቸው፤ ለእኔ የርዕሱ ምርጡ ጥያቄ ይህ ነው።

ፋይፎክስ (phyphox) የሚባል የአኽን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ነፃ አፕም አለ፤ ስልኩ ራሱ ፔንዱለም ሆኖ ይለካል፣ ኢንተርኔትም አይፈልግም። የፔንዱለሙ ሙከራ ግን ጋይሮስኮፕ (የስልኩን መዞር የሚለካ ሴንሰር) ስለሚጠይቅ በብዙ ርካሽ ስልኮች አይሠራም፤ አስቀድመው ይሞክሩት።

ፊዚክስ_መምህር፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የ12ቱን ቡድን ውጤት አንድ ላይ እንዴት ላምጣው? ኢንተርኔት ባለ ቀን ጉግል ሺት ላይ ሁሉም ቢጽፉ ይሻላል?

ጣና_ሳይንስ፦
አንድ ሺት ላይ ሁሉም ሲገባ አንዱ የሌላውን ረድፍ ያጠፋል። ጉግል ፎርም ይሥሩ፦ የቡድን ቁጥር፣ ርዝመት፣ ማስ፣ አንግል፣ ጊዜ። የርዝመቱ መልስ ከ0.1 እስከ 1.5 ያለ ቁጥር ብቻ እንዲቀበል ያድርጉት፤ ያለዚያ ግማሹ በሴንቲሜትር 60 ብሎ ይጽፍና ግራፉ ይበላሻል። መልሶቹ ራሳቸው ወደ ሺት ይገባሉ። ኢንተርኔት በሌለ ቀን የእርስዎን ላፕቶፕ ከፕሮጀክተር ጋር ያገናኙ፤ በየቡድኑ ጸሐፊ እየመጣ በሊብረኦፊስ ካልክ ያስገባ። ከሌሎቹ የራቀ ነጥብ ሲወጣ አይሰርዙት፤ ያ ቡድን በሁሉም ፊት እንደገና ይለካ።