ዝቅ ያለች፣ ቀላልና ለወታደሮች መታሰቢያ የምትሆን የአስቸጋሪ መንገድ መኪና ልሠራ ነው፤ ምክራችሁን እሻለሁ

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ጣሪያ የሌላት፣ ድንጋይና አሸዋ የማይበግራት ቀላል መኪና በራሴ እጅ ለመሥራት ተነሥቻለሁ። መልኳን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጂፕ ለመውሰድ አስቤአለሁ። አባቴ የሥራ ዘመኑን ሙሉ የሠራዊት ሹፌርና መካኒክ ሆኖ አገልግሏል፤ መኪናዋ ለእርሱና ለባልደረቦቹ መታሰቢያ እንድትሆን እፈልጋለሁ። ስለዚህም ከጌጥነት ይልቅ ጨዋነት እንዲታይባት እሻለሁ።

ብየዳ እችላለሁ፤ ሞተር ፈትቶ መግጠምም ለእኔ አዲስ አይደለም። ሻንሲ (የመኪናውን አጽም) ከባዶ ተነሥቼ ግን ሠርቼ አላውቅም። ክብደቷን ከ700 ኪሎ ግራም በታች ማድረግ ይቻላል? ዝቅ ስትል ሆዷ ድንጋይ እንዳይመታ ምን ላድርግ? ሻንሲውን ከቱቦ ልበይድ ወይስ ከአሮጌ መኪና ልውሰድ? ቀለሙና ምልክቱስ ምን ቢሆን ይሻላል?

አዛውንቱ መካኒክ፦
ልጄ፣ ለአባትህ ያሰብከው ነገር ደስ ይላል። ሥራህን ከሆዷ ጀምር። ዝቅ ማለት ያለባቸው ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ የነዳጅ ታንከሩና መቀመጫዎቹ ናቸው። የሻንሲው ሆድ ግን ከፍ ብሎ መቅረት አለበት፤ ከመሬት ያለውን ክፍተት ከ25 ሴንቲ ሜትር አታሳንሰው። በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 2 ሜትር ከሆነ፣ በዚህ ክፍተት ከሁለቱም ወገን 14 ዲግሪ ያህል የሚወጣ ሹል ጉብታ ሆዷን ሳይነካ ታልፋለች። ርቀቱን 2.6 ሜትር ብታደርሰው ግን ያው ክፍተት ወደ 11 ዲግሪ ይወርዳል። አጭር መኪና ዝቅ ብላም ትሻገራለች፤ ረጅሟ ግን ከፍ ካላለች ትንጠለጠላለች።

አሁን ወደ መገልበጥ እንምጣ፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። የግራና የቀኝ ጎማዎች መሐል ለመሐል ርቀት 1.3 ሜትር፣ የክብደቷ ማዕከል ደግሞ ከመሬት 75 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በጎን ተዳፋት ላይ በስሌት 41 ዲግሪ ሲደርስ ትገለበጣለች። ማዕከሉን ወደ 60 ብታወርደው 47 ዲግሪ ድረስ ትቆማለች። ባሌስትራውና ጎማው ስለሚሰምጡ በተግባር ከዚህ ቀድማ ትወድቃለች፤ ስለዚህ ቁጥሩን ለማነጻጸር እንጂ ለመተማመን አትጠቀምበት። ሁለታችሁም ስትቀመጡ የምትጨምሩት ክብደት ከሞተሩ ቢበልጥ እንጂ አያንስም፤ መቀመጫውን በ10 ሴንቲ ሜትር ማውረድ ትልቅ ነገር ነው።

የአሜሪካን ጦር ኤም 151 የተባለችውን ጂፕ አስታውስ። የኋላ እገዳው (ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያዘውና ንዝረት የሚቀበለው ክፍል) የተሠራበት መንገድ፣ ሹፌሩ በኩርባ ላይ እግሩን ከነዳጅ ፔዳሉ ድንገት ሲያነሣ የኋላ ጎማው ወደ ውስጥ እንዲታጠፍ ያደርግ ነበር፤ በዚህም ብዙ ጊዜ ተገልብጣለች። ኤ2 በተባለው ዓይነት የኋላው እገዳ እንደገና ተነድፏል። ስለዚህ ለኋላ እግር ጠንካራ አክስል ወይም በትክክል የተነደፈ የጎማ መያዣ ክንድ ምረጥ።

ብረት ሠሪ፦
700 ኪሎ ግራም ይቻላል፤ ግን የምትተወው ነገር ይኖራል። በ1940 የአሜሪካ ጦር ለጂፕ የጠየቀው ክብደት 590 ኪሎ ግራም ብቻ ነበር። ማንም ሊያሟላው ስላልቻለ ወሰኑ ወደ 980 አካባቢ ከፍ ተደረገ፤ የተመረተችው ዊሊስ ኤምቢ ደግሞ ከ1,000 ኪሎ ግራም በላይ ሆነች። በአራት ጎማ የምትነዳ፣ 2.2 ሊትር ሞተር የተሸከመች መኪና ከዚያ ብዙም አትቀልም። በሌላ ወገን የጀርመን ጦር ቀላል መኪና ኩቤልቫገን 725 ኪሎ ግራም ብቻ ነበር፤ የሚነዳውም በኋላ ጎማ ብቻ ነው። ከጎማው አጠገብ በተገጠመ ጥርስ የኋላው አክስል ከፍ ብሎ የመሬት ክፍተቱ 29 ሴንቲ ሜትር ደርሶ ነበር፤ ጉልበቱን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያካፍለው ዲፈረንሻልም አንድ ጎማ በባዶ እንዳይሽከረከር የሚገታ ዓይነት ነው። ቀላል መኪና ሁልጊዜ የአራት ጎማ ጉልበት አያስፈልጋትም።

ስለዚህ እኔ የምመርጠው የቱቦ ሻንሲ፣ ከኋላ የተቀመጠ ትንሽ ሞተርና በኋላ ጎማ መነዳት ነው። ከመግዛትህ በፊት የእያንዳንዱን ክፍል ክብደት የምትጽፍበት የክብደት መዝገብ ክፈት። ውጭው 38 ሚሊ ሜትር፣ ግድግዳው 2.5 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ቱቦ በሜትር 2.2 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ 40 ሜትር ቢፈጅ 88 ኪሎ ግራም ነው። 1 ሚሊ ሜትር ላሜራ በካሬ ሜትር 7.85፣ 2 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ደግሞ 5.4 ኪሎ ግራም ነው። ለወለሉ ላሜራ፣ ለጎኖቹና ለኮፈኑ አሉሚኒየም ብትጠቀም ጥሩ ነው፤ ሁለቱ በሚገናኙበት ግን ላስቲክ ወይም ማሸጊያ አስገባ፣ አለበለዚያ እርጥበት ሲያገኛቸው አሉሚኒየሙ ይበላል።

ጥንካሬ የሚገኘው ብረት በማወፈር ሳይሆን ሦስት ማዕዘን በመሥራት ነው። የትኛውንም አራት ማዕዘን ያለ ሰያፍ አትተወው። ባሌስትራና መሪ የሚያርፉባቸው ነጥቦች ሁልጊዜ የቱቦዎች መገናኛ ላይ ይሁኑ፤ በቱቦ መሐል ላይ የተበየደ ማሰሪያ ይዋል ይደር እንጂ ይሰነጠቃል። የመገልበጫ መከላከያውን (መኪናዋ ስትገለበጥ ተሳፋሪውን የሚጠብቀውን ብረት) ከውኃ ቧንቧ እንዳትሠራ አደራ። የውኃ ቧንቧ ጥንካሬው ለዚህ ሥራ የተረጋገጠ አይደለም፤ ከዚያም በላይ ዚንክ የተቀባ ከሆነ ሲበየድ የሚወጣው ጢስ ይመርዛል።

ባለ ሱዙኪ፦
ከብረት ሠሪው ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። ጠያቂው ሻንሲ ከባዶ ሠርቶ አያውቅም፤ የመጀመሪያ ሥራው ላይ የእገዳ ማዕዘንና የመሪ አቀማመጥ ከዜሮ እንዲነድፍ መምከር ከባድ ሸክም መጫን ነው። አሮጌ ሱዙኪ ኤስጄ 410 ፈልግ። በፊትና በኋላ ጎማዎቿ መካከል ያለው ርቀት 2,030 ሚሊ ሜትር ነው፤ የዊሊስ ጂፕ 2,032። ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ! አዲስ አካል ስትሠራላት የጂፑ ምጣኔ ያለ ምንም ማስረዘም ወይም ማሳጠር ይመጣልሃል። ጠንካራ አክስል በፊትም በኋላም፣ አራት ባሌስትራ፣ ከካምቢዮው ተለይቶ የተቀመጠ የአራት ጎማ ማከፋፈያ፤ ሁሉም በቁልፍ የሚፈታ ነው። ሙሉ አካሏን ለብሳ እንኳ ከ1,000 ኪሎ ግራም በታች ናት። ጣሪያውን፣ በሮቹን፣ መስታወቱንና የኋላ መቀመጫውን አውጥተህ ቀላል ገንዳ ብትሠራላት ወደ ፈለግከው ክብደት ትጠጋለህ።

ሌላው ጥቅም የሻንሲ ቁጥር ነው። ሕጋዊ ቁጥር ያለው ሻንሲ ይዞ መመዝገብና ከባዶ የተበየደን ማስመዝገብ አንድ አይደሉም። ብየዳ ከመጀመርህ በፊት የምዝገባውን ጉዳይ ጠይቅ።

ብረት ሠሪ፦
በምዝገባው ትክክል ነህ። ነገር ግን እንደ ሱዙኪዋ ባለ የመሰላል ዓይነት ሻንሲ (ሁለት ረጃጅም ክንዶች በአግዳሚ ብረቶች የተያያዙበት) ላይ መቀመጫው ከሻንሲው በላይ ነው የሚያርፈው፤ ጠያቂው የፈለገው ዝቅታ እዚያ ላይ ይጠፋል።

ባለ ሱዙኪ፦
በሁለቱ የሻንሲ ክንዶችና በጎን ጠርዝ መካከል ቦታ አለ። ወለሉን እዚያ ላይ ወደ ታች አስገብቶ መቀመጫውን ማውረድ ይቻላል፤ ሆዱ ከሻንሲው ክንድ እንዳያልፍ ብቻ ይጠንቀቅ።

የታሪክ ወዳጅ፦
ስለ መልኩ የምለው አለኝ። ዊሊስ ኤምቢ የፊት መስታወቱ ወደ ኮፈኑ ሲታጠፍ ቁመቷ 1.32 ሜትር ብቻ ነበር። ስለዚህ የምትመኘው ዝቅታ በራሱ በታሪኩ ውስጥ አለ። የሚታጠፍ መስታወት ሥራላት፤ ከየትኛውም ጌጥ በላይ ጂፕ የሚያስመስላት እርሱ ነው። ፊቷን ስትሠራ ቀዳዳዎቹን ቁጠር፦ በጦርነቱ ጊዜ ፎርድ ያስጀመረውና ዊሊስም የተቀበለው ከላሜራ የተቀረጸ ፊት ዘጠኝ ቀዳዳ አለው። ሰባት ቀዳዳ ያለው ከጦርነቱ በኋላ የመጣው የሲቪሉ ጂፕ ነው። አካፋና መጥረቢያ በግራ ጎን ይታሰራሉ፤ ትርፍ ጎማና የነዳጅ ጀሪካን ከኋላ። ጀሪካኑን ባዶ አድርገው፤ 20 ሊትር ቤንዚን 15 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ ከፍ ብሎ ከኋላ ሲንጠለጠል አዛውንቱ የለፉበትን ሚዛን ያበላሻል።

ቀለሙ የማያብረቀርቅ የወይራ አረንጓዴ ይሁን፤ ግን በመጀመሪያ ሕጉን አረጋግጥ። ለምሳሌ በሕንድ የወይራ አረንጓዴ ቀለም ለመከላከያ ተሽከርካሪዎች ብቻ የተፈቀደ ነው። ከተከለከለ አሸዋማ ቡኒ ወይም ግራጫ ይበቃል። ነጩ ኮከብ የአሜሪካና የአጋሮቿ ምልክት ነው፤ አባትህ በዚያ ሠራዊት ካላገለገለ አትለጥፈው። ቀይ መስቀልንም ለጌጥ አታድርግ። በ1949 የጄኔቫ ስምምነቶች የተጠበቀ ምልክት ነው፤ በጦር ሜዳ ሕይወት የሚያተርፈው በሁሉ ስፍራ ስለሚከበር ነው። በሥራ ላይ ያለ የጦር ክፍል ቁጥርና ሰሌዳም እንዲሁ ተወው።

መታሰቢያው ትንሽ ቢሆን ይከብራል። በዳሽቦርዱ ላይ ስሙ፣ የአገልግሎት ዘመኑና የሙያው ስም የተቀረጸበት አንድ የነሐስ ሰሌዳ አድርግ። የተጠቀመበት ቁልፍ ወይም መፍቻ ካለህ በመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ ቦታ ስጠው፤ ይሠራበት።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሻንሲውን ከአሮጌ ሱዙኪ ልወስድ ወስኛለሁ፤ 700 የሚለውን ትቼ 800 ኪሎ ግራም ላይ አነጣጥራለሁ። የብረት ሠሪውን የክብደት መዝገብ ግን ዛሬውኑ እጀምራለሁ። የአባቴ መፍቻዎች አሉኝ፤ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ አካሉ ሲቀል ባሌስትራው አይደርቅም? ፍሬኑስ እንዴት ይሆናል?

አዛውንቱ መካኒክ፦
ይደርቃል። ከባሌስትራው ውስጥ ከአጫጭሮቹ አንዱን ወይም ሁለቱን አውጣ፤ ዋናውን ረጅሙን ግን አትንካው፣ አክስሉን በቦታው የሚይዘው እርሱ ነውና። አሞርዛተሩንም (የባሌስትራውን ንዝረት የሚያበርደውን) ለቀላል መኪና የሚሆን ለስላሳ አድርግ፤ ያለዚያ ልፋትህ ከንቱ ነው። የጎማው አየር ራሱ እገዳ ነው። ኤም 274 የተባለችው የአሜሪካ ጦር ትንሽ ጭነት ተሸካሚ ሞላም ባሌስትራም አልነበራትም፤ 400 ኪሎ ግራም ያህል ሆና 450 የምትሸከመው በዝቅተኛ አየር ጎማዎቿ ላይ ብቻ ነበር። እርግጥ ነው፣ ቀስ ብላ ነው የምትሄደው። አንተም በአሸዋ ላይ አየሩን ወደ 1 ባር አካባቢ ቀንሰህ ቀስ ብለህ ንዳ፤ ወደ አስፋልት ስትመለስ ሙላው።

ፍሬኑ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የምታወጣው ክብደት አብዛኛው ከኋላ ስለሆነ የኋላ ጎማዎች ቀድመው ይቆለፋሉ፤ መኪናዋም በፍሬን ጊዜ ጀርባዋን ታዞራለች። ወደ ኋላ በሚሄደው የፍሬን ቱቦ ላይ ግፊቱን የሚቀንስ ቫልቭ ግጠም። ከዚያ ሁለት ሰው አስቀምጠህ፣ ነዳጁን ሞልተህ አራቱንም ጎማ ለየብቻ በሚዛን ላይ አቁማቸው። የግራና የቀኙ ልዩነት ትልቅ ከሆነ ባትሪውን ወይም ታንከሩን አዛውር። የፍሬን ሙከራውን ሰው በሌለበት ሜዳ፣ ከዝቅተኛ ፍጥነት ጀምረህ አድርግ፤ አንድ ሰው ከጎን ቆሞ የትኛው ጎማ ቀድሞ እንደሚቆለፍ ይመልከትልህ። የፊቶቹ ቀድመው እስኪቆለፉ ድረስ ቫልቩን አስተካክል፤ ቀለም የምትቀባው ከዚያ በኋላ ነው፣ ምክንያቱም ገና ብዙ ትፈታለህ፣ ትበይዳለህም።