የድሮ የህንድ ዘፈን ለእናት፦ ከዱባይ ምን ልላክ? (ጥቆማ)

«እናቴ የድሮ የህንድ ዘፈን ትወዳለች፤ ምን ልላክላት?» የሚል ጥያቄ በዚህ ወር ብቻ ከሦስት ሰው መጣብኝ። እኔ ጋ የመጡት ያለ ነገር አይደለም። አምና ለእማዬ ስፈልግ እዚህ ዱባይ ካራማና ሚና ባዛር የሚባሉትን የገበያ ሰፈሮች በእግሬ አዳርሻለሁ። ገንዘብም አቃጥያለሁ። እናንተ እንዳትደግሙት የሞከርኩትን ልንገራችሁ።

ከዕቃው በፊት ዘፈኑን እወቁት። እማዬ ሲኒማ ራስ በር ላይ ተሰልፋ የህንድ ፊልም ያየች ሰው ናት። ሂንዲ አንድ ቃል አትችልም፤ ዜማውን ግን እስከነጥምዝምዙ ይዛዋለች። ልጆች ሆነን ሽሮ እያማሰለች «አዋራ ሁን» እያለች ታንጎራጉር ነበር። እኛ እርግማን ይመስለን ነበር። ሰውየውን ብናኝ ሁን፣ ጥፋ የምትለው። ዱባይ መጥቼ ነው ትርጉሙን የሰማሁት፦ በሂንዲ «እኔ ከርታታ ነኝ» ማለት ነው። ዘፈኑ እ.ኤ.አ. በ1951 ራጅ ካፑር ዳይሬክት አድርጎ ራሱ ከሠራበት «አዋራ» ከሚለው ፊልም ነው።

የዘፈኑን ስም የማታውቁ ከሆነ በሻዛም አትድከሙ። ሻዛም የተቀዳውን ዘፈን ራሱን ካልሰማ አይለይም፤ የእናት እንጉርጉሮ አይገባውም። የጉግል መተግበሪያ ግን ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እንጉርጉሮም ይቀበላል። ማይክሮፎኗን ነክታችሁ ዘፈን ፈልግ የሚለውን ትመርጣላችሁ፤ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ታንጎራጉራላችሁ። እኔ እማዬ በዋትስአፕ የላከችውን ድምፅ በአንዱ ስልክ ከፍቼ ሌላውን አጠገቡ ያዝኩት። መጀመሪያ የሆነ የቱርክ ዘፈን አመጣልኝ። ለካ ከኋላዋ አውራ ዶሮ ይጮሃል። «እማ፣ ጓዳ ግቢና ደግመሽ ላኪልኝ» አልኳት። በሦስተኛው ሙከራ ቁጭ አለ።

ሁለተኛው ነገር የዘፋኙ ስም ነው። ካራማ ውስጥ ሱሪ የማሳጥርበት አንድ ልብስ ሰፊ አለ። ሰባን የዘለለ የሰሜን ህንድ ሰው ነው። «የራጅ ካፑር ዘፈኖች የት ይገኛሉ?» ስለው መቀሱን አስቀምጦ ሳቀብኝ። ራጅ ካፑር አፉን ነው ያንቀሳቀሰው፤ የዘፈነው ሙኬሽ ነው። የዚያን ዘመን ተዋንያን አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው፤ ፊቱ የአንዱ፣ ድምፁ የሌላው። ሴቶቹን ብዙ ጊዜ የምትዘፍንላቸው ላታ ማንጌሽካር ናት፤ በየካቲት 2022 (እ.ኤ.አ.) በ92 ዓመቷ ያረፈችው። ለወንዶቹ ሙኬሽ፣ መሐመድ ራፊና ኪሾር ኩማር አሉ። ይሄ ወሬ ለማሳመር አይደለም። ማጫወቻ መሣሪያውም የስልክ መተግበሪያውም ዘፈኖቹን የሚደረድረው ባብዛኛው በዘፋኝ ስም ነው። በተዋናይ ስም ብትፈልጉ ትባክናላችሁ።

ለእማዬ ይሄንኑ በስልክ ስነግራት ዝም አለች። ቆይታ «ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን ያለቀስኩት ለማን ነው?» አለችኝ።

አሁን ወደ ዕቃው። አንደኛ ምርጫዬ ሳሬጋማ ካርቫን የሚባለው ማጫወቻ ነው። ሳሬጋማ የድሮው የህንድ ግራሞፎን ኩባንያ ነው፤ ውሻዋ ቀንድ መሳዩን ድምፅ ማጉያ የምታዳምጥበትን የኤች ኤም ቪ ምልክት የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ። ብዙውን የጥንት ሸክላ ታቅፎ ተቀምጦ ነበር። በ2017 (እ.ኤ.አ.) 5,000 ዘፈን ውስጡ ጭኖ ይሄን መሣሪያ አወጣ። መልኩ ድሮ አያታችን ቤት ዳንቴል ለብሶ ይቀመጥ የነበረውን ራዲዮ ይመስላል። ኢንተርኔት አይፈልግም። ስክሪን መነካካት የለም። እጀታውን ታዞራለች፣ ሙኬሽ ላይ ስትደርስ ትተወዋለች፤ በቃ። ባትሪው አምስት ሰዓት ገደማ ይቆያል፤ መብራት ሲጠፋ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ኤፍ ኤምም አለው፤ ፍላሽም ይቀበላል።

ነቀፌታም አለኝ። ዘፈን መርጦ ማጫወት ያስቸግራል። የፈለጋችሁት እስኪመጣ እያሳለፋችሁ ትጠብቃላችሁ። እኔን ያናድደኛል፤ እማዬ ግን «ሳላስበው ሲመጣ ነው ደስ የሚለኝ» ትላለች። ደግሞ ያለው የሳሬጋማ ንብረት የሆነው ነው። የ«ሾሌ» ፊልም ሙዚቃ ለምሳሌ ፖሊዶር በሚባል ሌላ ኩባንያ ነው የወጣው። ከ1990 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ያለውም ብዙው ቲ-ሲሪስ የሚባል የሌላ ሙዚቃ ኩባንያ ነው። ስለዚህ ያንን ፈልጋችሁ ብታጡ መሣሪያው ተበላሸ አትበሉ።

ካርቶኑን ሳታነቡ ደግሞ እንዳትገዙ። ካርቫን በታሚል፣ በቤንጋሊ፣ በፑንጃቢም ይወጣል። ዕቃው ከላይ ሲታይ አንድ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ከአንድ ሱቅ ተጣድፌ ገዛሁ። ቤት ስከፍተው ሰውየው በማላውቀው ቋንቋ ያስነካዋል። ሂንዲም አላውቅ፣ ምን ልበል? ልብስ ሰፊው ጋ ይዤው ሄድኩ። ሁለት ሰከንድ ሰምቶ «ታሚል» አለኝ። ባለሱቁ ተከፍቷል ብሎ አልመልስም አለኝ። አሁን እኔ ጋ ነው፤ ደግነቱ ታሚሉም ጥሩ ነው። ሚኒ የሚባለውን ትንሹን የምታስቡ ካላችሁ ደግሞ ጥቂት መቶ ዘፈን ብቻ ነው ያለው። ለጉዞ ይሆናል፤ ውሎዋን ሁሉ ቤት ለምታሳልፍ እናት ግን በሳምንት ይሰለቻል።

የትልቁ ካርቫን እጀታ አንድ መቆሚያው ላይ አሚን ሳያኒ የሚባል የራዲዮ ፕሮግራም አቅራቢ ያወራል። ልብስ ሰፊው ያንን ስከፍትለት የሚሰፋውን አቆመ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በ1952 (እ.ኤ.አ.) የህንድ መንግሥት ራዲዮ የፊልም ዘፈን ከጣቢያው ሲያሸሽ፣ ኮሎምቦ ያለው ራዲዮ ሲሎን ክፍተቱን አየ። ሳያኒን ይዞ «ቢናካ ጊትማላ» የሚል የዘፈን ደረጃ ፕሮግራም ጀመረ። ሰውየው ረቡዕ ማታ መንደሩ በሙሉ አንድ ራዲዮ ከቦ እንዴት እንደሚቀመጥ በእጁ ክብ እየሠራ አሳየኝ። መንግሥት ነቅቶ በ1957 «ቪቪድ ባራቲ» የሚል የራሱን የመዝናኛ ጣቢያ ከፈተ። ሳያኒ ያረፈው በ2024 ነው። እማዬ ስለዚህ ሁሉ የምታውቀው የለም። «ይሄ ሰውዬ ምን አግኝቶ ነው እንዲህ ደስ ያለው?» ብቻ ነው ያለችው።

ዩቲዩብ ሁለተኛ ነው፤ ነፃ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ፊልሙን ሲኒማ ቤት ላየ ሰው ምስሉ ከዜማው አይነጠልም። እማዬ ራጅ ካፑር ሱሪውን ጠቅልሎ ሲሄድ ካላየች ዘፈኑ ግማሽ ነው። ግን ዳታ ይበላል፤ ማስታወቂያውም መሐል ገብቶ ያበሽቃል። የሚከፈልበት ስፖቲፋይ እዚህ ላለን ጥሩ ነው፤ ለእሷ ግን አልመክርም። የይለፍ ቃል በስልክ ሳስረዳ ማምሸት አልችልም።

በሁለቱም ላይ «ጃንካር» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ እለፉት። የድሮው ዘፈን ላይ በኋላ ከበሮ የተጫነበት ነው። የካሴት ዘመን ፈጠራ ነው፤ ታክሲ ውስጥ ጮክ ብሎ እንዲሰማ ይመስለኛል። የላታ ድምፅ ከሥሩ ወፍጮ ቤት የተከፈተበት ያህል ነው። ሌላው ወጥመድ ድጋሚ የተዘፈነው ነው። ቲ-ሲሪስ ራሱ ገበያ የገባው የሌሎችን ዘፈን በአዲስ ድምፅ እያዘፈነ በርካሽ ካሴት በመሸጥ ነው። የፊልሙ ስም ትክክል ሆኖ ድምፁ ባዕድ ከሆነባችሁ ምክንያቱ ይሄ ነው። እናት በመጀመሪያው ስንኝ ትነቃለች። እማዬ «ይሄ ልጅ ጉንፋን ይዞታል» ነው ያለችው።

የዱባይ ኤፍ ኤም ለእኛ ለታክሲ ይሆናል። ካሴት ያላችሁ ደግሞ አትጣሉ። ፍላሽ ላይ የሚገለብጡ ሱቆች አዲስ አበባ አሉ፤ ግን መጀመሪያ በእስክሪፕቶ ቀስ ብላችሁ አጠንጥኑት። የእኛን አንዱን ማጫወቻው በልቶታል።

አንድ ዘፈን እስካሁን አቅቶኛል። ጉግልም፣ ካርቫኑም፣ ልብስ ሰፊውም አላገኙትም። እማዬ የምታስታውሰው ይሄን ብቻ ነው፦ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። ሴትዮዋ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ውሃ እየቀዳች ትዘፍናለች፤ ገመዱን በሳበች ቁጥር ዜማው ከፍ ይላል። መጨረሻ ላይ አክተሩ ይሞታል። «አክተርማ አይሞትም» ብዬ ተከራከርኳት። «ይሄኛው ሞቷል፤ እየተላቀስን ነው የወጣነው» አለችኝ። የምታውቁት ካላችሁ ጻፉልኝ፤ እንጉርጉሮዋን እልክላችኋለሁ። ዶሮ የለበትም።