ክርክር፦ ቤንጋልን ለኩባንያ የሰጠው ማን ነው?

ጥያቄው፦ የእንግሊዝ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ በ1600 ሲቋቋም ዓላማው ንግድ ነበር። በ1765 በዘመኑ የህንድ ግዛት የነበረችው የቤንጋል ግብር ሰብሳቢ ሆኖ አረፈው። ይበልጥ የሚጠየቀው ማን ነው? ኩባንያው ወይስ በር የከፈቱለት የአገሩ ሰዎች? ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጻፍ።

የሕግ ተማሪ፦ እኔ የምከሰው ባንዳዎቹን ነው። በ1757 ፕላሲ ላይ የቤንጋሉ ገዢ ሲራጅ ኡድ ዳውላ ወደ 50,000 ሰው አሰልፎ ነበር። የኩባንያው ሮበርት ክላይቭ የያዘው 3,000 ያህል ነው፤ አብዛኞቹም ህንዶች ናቸው። ዝናብ ወረደ። የሲራጅ ባሩድ ራሰ። ኩባንያው የራሱን ሸራ አልብሶት ነበር። ሆኖም ዝናቡ ብቻውን አልጣለውም። የጦር አዛዡ ሚር ጃፋር ጭፍራውን ይዞ ዳር ቆሞ ተመለከተ። ቀድሞ ከክላይቭ ጋር ተዋውሏል። ጃጋት ሴት የሚባሉት የአገሩ ከበርቴዎችም በሴራው ነበሩበት። እነዚህ ባይኖሩ ክላይቭ የት ይደርስ ነበር?

ጨርቅ ነጋዴዋ፦ ወንድሜ፣ ለሚር ጃፋር አልከራከርም። ግን ታሪኩን እዚያ ላይ አትቁረጠው። ኩባንያው በ1760 እሱኑ አውርዶ አማቹን ሚር ቃሲምን ሾመ። ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የህንድ የበላይ ገዢ የነበረው የሙጋል ንጉሠ ነገሥት በ1717 ኩባንያውን ከቀረጥ ነጻ አድርጎት ነበር። የኩባንያው ሠራተኞች በዚያ ወረቀት የግላቸውን ጨውና ትምባሆ ያሳልፉበት ጀመር። የቤንጋል ነጋዴ ይከፍላል፣ እነሱ አይከፍሉም። እኔ ቀረጥ ከፍዬ ጎረቤቴ ሳይከፍል ቢሸጥ ሱቄን ስንት ወር አቆያታለሁ? ሚር ቃሲም አቤት አለ፤ የሚሰማው አጣ። በ1763 ቀረጡን ለሁሉም አነሳና ገበያውን እኩል አደረገው። ኩባንያው በጦርነት መለሰለት! የፈለገው ነጻ ንግድ ቢሆን ኖሮ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ሚር ቃሲም እኮ ኩባንያው ራሱ የሾመው ሰው ነው።

ጋሽ መምህር፦ እህቴ ዋናውን ነክታዋለች። የዚያ ጦርነት መጨረሻ በ1764 ቡክሳር ላይ ሆነ፤ ኩባንያው አሸነፈ። ከሚር ቃሲም ጎን ተሰልፎ የተሸነፈው የዘመኑ ንጉሠ ነገሥት ሻህ አላም በዓመቱ በአላሃባድ ከተማ ዲዋኒ ሰጠው። ዲዋኒ ማለት የቤንጋልን፣ የቢሃርንና የኦሪሳን ግብር የመሰብሰብ መብት ነው። የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ጉላም ሁሴን በቁጭት እንደተናገረው፣ ያን ያህል ትልቅ ጉዳይ አንድ አህያ ለመሸጥ ከሚፈጀው ጊዜ ባነሰ ተጠናቀቀ። ለእኔ ቤንጋል የተሸጠችው በዚያ ቀን ነው። ከዚያ በፊት ኩባንያው ጨርቅ ለመግዛት ከአውሮፓ ብር በመርከብ ያመጣ ነበር። ከዚያ በኋላ ከቤንጋል ገበሬ በሰበሰበው ግብር የቤንጋልን ጨርቅ ገዝቶ ለንደን ወስዶ ሸጠ። ወታደሩንም የከፈለው ከዚያው ነው። ሰው በገዛ ገንዘቡ ተገዛ።

የሕግ ተማሪ፦ ጋሼ፣ ፊርማው ግን የንጉሠ ነገሥቱ ነው። የሕግ መሠረት ነበረው ማለት ነው።

ጋሽ መምህር፦ ልጄ፣ በጦር ሜዳ ተሸንፎ በአሸናፊው እጅ ያለ ሰው ያስቀመጠውን ፊርማ አንተ ችሎት ፊት ታጸድቀዋለህ?

ከለንደን፦ እኔ ደግሞ የዚህን አገር ፓርላማ እንዳትረሱት እላለሁ። በ1773 ኩባንያውን የሚቆጣጠር ሕግ አወጣ፣ በ1784 አጠበቀው። ልጓም አልነበረውም ማለት ይከብዳል።

ጋሽ መምህር፦ የ1773ቱ ሕግ የወጣው ኩባንያው ሊከስር ተቃርቦ የ1.4 ሚሊዮን ፓውንድ ብድር ሲለምን ነው። ለቤንጋል ሰው ታዝኖ አይደለም። ከዚያ በፊት በ1769 እና በ1770 ቤንጋልን ረሃብ ፈጅቷታል። ስንት ሰው እንደሞተ ያከራክራል፤ በሚሊዮን መቆጠሩ ግን አያከራክርም። የኩባንያው የቤንጋል ገዢ ዋረን ሄስቲንግስ ራሱ ለለንደን አለቆቹ የጻፈውን አስቡት። በ1771 የተሰበሰበው ግብር ከረሃቡ በፊት ከነበረው ከ1768ቱ ይበልጣል፤ እንዳይቀንስ በግድ ተይዞ ነው ይላል። የሞተው ጎረቤት ድርሻ በተረፈው ላይ ተጫነ። ይህን ሳነብ ሁሌም ሆዴን ይበላኛል።

ጨርቅ ነጋዴዋ፦ የእኛው ሰፈርስ? አሰብን በ1869 ከአካባቢው ሱልጣኖች የገዛው ሩባቲኖ የተባለ የጣሊያን የመርከብ ኩባንያ ነው። የመርከብ ማረፊያ ተብሎ። በ1882 ለጣሊያን መንግሥት አስረከበ። በ1885 ጣሊያን ምፅዋን ያዘ፣ በ1890 ኤርትራን ቅኝ ግዛቴ አለ።

የሕግ ተማሪ፦ የአሰቡን እቀበላለሁ። እዚያ ኩባንያው ለመንግሥት መንገድ ጠራጊ ነበር። ሚር ጃፋርን ግን ዛሬም አልምረውም። በ1763 ኩባንያው መልሶ ዙፋኑ ላይ ሲያስቀምጠው እሺ ብሎ ነው የተቀመጠው። ያኔ እንኳ ምን እንደሚሠራ ያውቅ ነበር።