የተዛነፈ ላቲስ ላይ የሚጸናው የሱፐርኮንዳክተር ሁኔታ የቱ ነው? እርዱኝ

ሰላም የፊዚክስ ሰዎች። ደሴ ሆኜ በሱፐርኮንዳክተር (ኤሌክትሪክን ያለ ተቃውሞ በሚያስተላልፍ ቁስ) ላይ የማስተርስ ጽሑፌን እየሠራሁ ነው። «አብሽር» የሚለኝ ሞልቷል፤ ስሌቱን የሚያይልኝ ግን አጣሁ።

በካሬ ላቲስ (የአቶሞች አደራደር) ላይ ዲ-ሞገድና ኤስ-ሞገድ፣ ማለትም ኤሌክትሮኖች የሚጣመሩባቸው ሁለት ቅርጾች፣ በሲሜትሪ ይለያያሉ። እንደ ዋይ-ቢ-ሲ-ኦ (YBCO፣ የመዳብ ኦክሳይድ ሱፐርኮንዳክተር) አንዱ ጎን ሲረዝም ግን ይደባለቃሉ፤ ጋፑ (የተጣመሩትን ኤሌክትሮኖች ለመለያየት የሚጠይቀው ኃይል) ዜሮ የሚሆንባቸው ነጥቦችም ከ45 ዲግሪው ሰያፍ ፈቀቅ ይላሉ። እስከዚህ ገብቶኛል።

የጋፕ እኩልታውን በሪል ግምት ስጀምር መልሱ ሪል ሆኖ ይቀራል። በኮምፕሌክስ ስጀምር ደግሞ በዲ-ሞገዱና በኤስ-ሞገዱ መካከል 0ም 180ም ያልሆነ የፌዝ ልዩነት ያለው፣ የጊዜ መገልበጥ ሲሜትሪን የሚሰብር (ጊዜ ወደ ኋላ ቢሄድ ያው ሆኖ የማይቀር) መልስ ይመጣል። የነጻ ኃይል ልዩነታቸው ኢምንት ነው፤ የሞመንተም ነጥቦቹን ባበዛሁ ቁጥር አሸናፊው (ዝቅተኛው ነጻ ኃይል ያለው) ይቀያየራል። (ላፕቶፔም አርጅቷል፣ ብዙ አይችልም።)

ሪሉ መልስ ኮርቻ ነጥብ (በአንድ አቅጣጫ ዝቅተኛ፣ በሌላው ከፍተኛ የሆነ) ይሆን? ፌዙን በትንሹ ነካክቼ የነጻ ኃይሉን ሁለተኛ ዴሪቬቲቭ ብመረምር ይበቃል ወይስ መጀመሪያ ሙቀቱን ከፍ ላድርግ? የሠራችሁት ካላችሁ ጠቁሙኝ።