ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ላይ የብዕሩ መስመር ነጭ ሆኖ ቀረ፤ ድረሱልኝ!

ማክዳ፦ እህቶች፣ ክርስትናው ቅዳሜ ነው። የሕፃኑ ኩዊልት (በሁለት ጨርቅ መካከል ጥጥ ገብቶ የሚሰፋ ልብስ) መሃል ላይ የላሊበላ መስቀል በሙቀት በሚጠፋው ብዕር ነደፍኩ። ስለተዛነፈ ካውያ አሳረፍኩበት፤ ቀለሙ ጠፋ፣ ነጭ መስመር ቀረ። ምን ይሻላል? አዲሱን ንድፍስ ጨርቁ ላይ በምን ልገልብጠው? ገበሩና ጥጡ ተያይዟል፣ ብርሃን አያሳልፍም።

ትዕግሥት፦ በእጅ ነው በማሽን? ጨርቁስ?

ሐና፦ ነጭ ጠመኔ! ሌላ ምንም አያስፈልግም።

አበራሽ፦ እኔ የምለው፣ ሰው የሚቀመጥበት፣ ሕፃን የሚሸናበት ላይ መስቀል ይደረጋል? ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ካልሆነ ከብራና መጻሕፍት ሐረግ (የተጠላለፈ የጌጥ መስመር) ውሰጂ።

ማክዳ፦ ጥጥ ነው፣ በማሽን።

ዮናስ፦ ነጩን በነጭ ክር ስፊበትና «ንድፉ ይኸው ነው» በያቸው 😄

ቀይ ክር፦ ዮናስ ቢቀልድም ልክ ነው፤ መስመሩ ባይዛነፍ ኖሮ ወፈር ያለ ክር ይሸፍነው ነበር። ያ ብዕር ጥቁር ጨርቅ ላይ እንዲህ ያደርጋል፤ አንዳንዴ በእጥበት ይለቃል፣ ዋስትና ግን የለውም። ከ-10 ዲግሪ በታች ብርድ ሲያገኘው ደግሞ ቀለሙ ሊመለስ ይችላል፤ ሚኒሶታ ላላችሁ መኪና ውስጥ ማደር ይበቃዋል።

ጠመኔ ለማሽን አልመክርም፤ ጨርቁን ስታሽከረክሪው እጅሽ ይጠርገዋል። ንድፉን የስጦታ መጠቅለያ በሆነው ስስ ወረቀት ላይ ገልብጪ፣ በመርፌ ቁልፍ አያይዢ፣ ጨርቁን የሚገፋውን የማሽኑን ጥርስ አውርደሽ በነፃ ስፌት እግር (ጨርቁን በእጅሽ ወደፈለግሽበት እንድታንቀሳቅሺ በሚያስችለው) በላዩ ስፊ። ስፌቱ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን፤ ረጅም ከሆነ ወረቀቱ ሲነሳ ክሩን ይጎትተዋል። ስትጨርሺ በመርፌ ጫፍ መስመሩን ጫር ጫር አድርጊ፣ ስፌቱን በአውራ ጣት ይዘሽ ወደ ጎን ቅደጂ። በእርሳስ አትንደፊ፣ ነጭ ክር ያቆሽሻል።

አበራሽ ያለችው ሐረግ ለማሽን ይመቻል፤ መስመሩ ስለማይቋረጥ ክር አትቆርጪም። ከመስቀሉ ግን ዋናውን ቅርፅ ብቻ ያዢ፤ ከ1 ሴንቲ ሜትር የጠበበ ክፍተት ወፍራም ጥጥ ላይ አይለይም። መሃሉን በስፌት አጥብቀሽ ጠርዙን ባዶ ብትተዪው መሃሉ ይሰበሰብና ዳሩ ይሞገዳል፤ ዙሪያውን በተመሳሳይ ርቀት ሙዪው። አበባማ ጨርቅ ላይ ድካም ነው፣ ስፌቱ አይታይም።

ሐና፦ እኔ አሁንም ጠመኔ ነው የምለው።

ትዕግሥት፦ ጠመኔም ቢሆን በአንድ ጊዜ አንድ መዳፍ ያህል ብቻ ነድፈሽ ወዲያው ስፊ። ቁራጭ ጨርቅ ላይ ሳትሞክሪ ደግሞ አትጀምሪ።